ማንኮራፋት፣ ትንፋሽና የጠዋት ስኳር



ባለፈው ረመዷን ከጥናት ቡድናችን አራታችን ኮተቤ አንድ ጓደኛችን ቤት ለኢፍጧር ተጠርተን ነበር። ተራዊሕ ሰግደን ስንወጣ መሽቶ ታክሲ ስለጠፋ እዚያው ሳሎን ፍራሽ ተነጥፎልን አደርን። የጓደኛችን አባት በመገናኛና ኮተቤ መስመር ሚኒባስ ይነዳሉ። የሚተኙበት ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው በስስ ግድግዳ ነው። ማንኮራፋታቸውን ስንሰማ መጀመሪያ ሳቃችንን በብርድ ልብስ አፈንን። ጥቂት ቆይቶ ግን ማንኮራፋቱ ድንገት ቀጥ አለ። ዝምታ ሆነ። ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አውጥቶ መቁጠር ጀመረ፦ 10 ሰከንድ፣ 20፣ 28። ከዚያ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ እንደወጣ ሰው በኃይል ተነፈሱ፣ አልጋው ተንቋቋ፣ ማንኮራፋቱም ካቆመበት ቀጠለ። ይኸው ነገር ሌሊቱን ሁሉ ተደጋገመ። መቁጠራችንን ያቆምነው እኛንም እንቅልፍ ስለጣለን ነው።

ለሱሑር ስንነሳ እናታቸውን ጠየቅናቸው። «ይኼማ ዓመታት ሆኖታል ልጆቼ፤ አንዳንዴ ትንፋሹ የቀረ እየመሰለኝ እየነቀነቅሁ ነው የማድረው» አሉን። ጎረቤት ዱካክ ነው ብሏል፤ ሩቃም ተቀርቶላቸዋል። አንድ ክሊኒክ ሄደው «ማንኮራፋት በሽታ አይደለም» ተብለው ተመልሰዋል። አባትየው የስኳር ታማሚ ናቸው። ሐኪማቸውን አማክረው ነው የሚጾሙት፤ መድኃኒታቸውንም አያጓድሉም። ሆኖም በጠዋት የሚለካው ስኳራቸው አልወርድ ብሎ አስቸግሯል። ከሁሉም ያስደነገጠን ግን አንድ ቀን መብራት ላይ ቆመው በመሪያቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ረዳቱ ጮኾ እንደቀሰቀሳቸው መስማታችን ነው። መኪናው ሙሉ ሰው ነበር።

እኛ የምሕንድስና ተማሪዎች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ስለዚያ ሌሊት አንብበንና ጠይቀን ከተረዳነው ነው፤ የጤና ተማሪ እህቶቻችንም አይተው አርመውልናል።

ጉሮሮ እንደ ቱቦ

ከላንቃችን ጀርባ ያለው የአየር መተላለፊያ እንደ ሳንባ ቧንቧ የለምለም አጥንት ቀለበት የለውም። ክፍት ሆኖ የሚቆየው በጡንቻ ኃይል ነው። ስንነቃ ጡንቻው ሥራ ላይ ነው፤ ስንተኛ ይዝላል። አየር ወደ ውስጥ ስንስብ ደግሞ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል። የጭማቂ ላስቲክ ከረጢት በስትሮ አጥብቀን ስንስብ ግድግዳው እርስ በርሱ እንደሚጣበቅ ማለት ነው። በከፊል ሲጠብ ግድግዳው ይርገበገባል፤ ማንኮራፋት የምንለው ያ ድምፅ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲዘጋና መዘጋቱ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቆይ አፕኒያ ይባላል። ደረት ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። በደም ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ይደነግጣል፣ ሰውየው ሳያውቀው ለቅጽበት ይነቃል፣ ጉሮሮው ይከፈታል። ጠዋት ከዚህ የሚያስታውሰው ነገር የለም፤ የሚቀርለት ድካም፣ የአፍ ድርቀትና የራስ ምታት ነው።

ሐኪሞች በአንድ ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሹ ስንት ጊዜ እንደቆመ ወይም እንደቀነሰ ይቆጥራሉ። በአዋቂ ሰው ከ5 በታች ከሆነ ጤናማ ነው፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ግምት በዓለም ላይ ከ30 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት ከ5 በላይ እንደሚያስቆጥሩ ያሳያል። አብዛኞቹ አያውቁትም። የተኛ ሰው ራሱን አይሰማምና።

እንጦጦ ሥር መተኛት

እኛ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። የአየሩ ኦክስጅን ድርሻ የትም 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ስናሰላው በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው ግፊት አዲስ አበባ ላይ 76 አካባቢ፣ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 70 ይወርዳል። ሯጮቻችን ማልደው ዳገቱን የሚወጡት ለዚሁ ነው።

አፕኒያ ላለበት ሰው ይህ ምን ለውጥ ያመጣል? የደም ኦክስጅን ሙሌት ከግፊቱ ጋር የሚወርደው ቀጥ ባለ መስመር አይደለም። ከላይ ሜዳ ነው፣ ቀጥሎ ገደል። ጅቡቲ ወይም ጅዳ የተኛ ሰው ከሜዳው መሐል ይነሳል፤ ትንፋሹ ለ20 ሰከንድ ቢቆም ብዙ አይወርድም። ፈረንሳይ ሌጋሲዮን ወይም የካ ተራራ ሥር የተኛው ግን የሚነሳው ወደ ገደሉ አፋፍ ቀረብ ብሎ ነው። ያው 20 ሰከንድ የበለጠ ያወርደዋል።

«እኛ ሐበሾች ከፍታውን ለምደነዋል» የሚል ወንድም አይጠፋም። እውነትነት አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቤል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ላይ ባለችው አምባራስ የሚኖሩ ሰዎችን ለክተው ያገኙት ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ደማቸው በሄሞግሎቢን ወፍሮ ነው የሚኖሩት። የአምባራስ ሰዎች ሄሞግሎቢን ግን በባሕር ጠለል ካለ ሰው የተለየ አልነበረም፤ የኦክስጅን ሙሌታቸውም በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። ትልቅ ጸጋ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ይህ በጉሮሮው አየር የሚያልፍለት ሰው ቁጥር ነው። ጉሮሮው ለተዘጋ ሰው የተራራው ልጅ መሆኑ በሩን አይከፍትለትም።

ሜታቦሊዝም የሚገባበት በር

አሁን ወደ ጠዋቱ ስኳር እንመለስ። ሜታቦሊዝም ስንል ሰውነት የበላነውን ወደ ኃይል የሚቀይርበት፣ የሚያከማችበትና የሚያወጣበት ሥራ ሁሉ ነው። ሌሊት ይህ ሥራ ረጋ ማለት አለበት፦ የልብ ምት ይቀንሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ጉበት ስኳርን በልክ ብቻ ይለቃል።

ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ግን አልጋው ላይ ተኝቶ ሰውነቱ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ጅብ እንዳባረረው ሰው ነው። ኦክስጅን በወረደ ቁጥር አድሬናሊንና መሰሎቹ ይረጫሉ፤ የጭንቀት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶልም ሊጨምር ይችላል። እነዚህ ለጉበት የሚያስተላልፉት ትእዛዝ አንድ ነው፦ «ስኳር ልቀቅ፣ ሰውየው ሊሮጥ ነው።» የስብ ሴሎችም ስብ ወደ ደም ይለቃሉ፤ ያ ስብ ደግሞ ጡንቻ ለኢንሱሊን ያለውን ታዛዥነት ያዳክማል። ሰውየው ግን አይሮጥም። የተለቀቀው ስኳር የሚያቃጥለው አጥቶ ደም ውስጥ ያድራል። በሰዓት 30 ጊዜ፣ በስምንት ሰዓት 240 ጊዜ እንዲህ የሚሆን ሰው ጠዋት ባዶ ሆዱን ሲለካ ስኳሩ ቢያሻቅብ ምን ይገርማል? ማታ የበላው ገንፎ ብቻ አይደለም ጥፋተኛው።

ሌላም አለ። የተቆራረጠ እንቅልፍ የምግብ ፍላጎትን ያዛባል። ሌፕቲን የተባለው «ጠግቤያለሁ» ባይ መልእክተኛ ክብደት በጨመረና አፕኒያ ባለበት ሰው ደም ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ የሚሰማው ግን ያጣል። የደከመ ሰው ደግሞ አይንቀሳቀስም፣ ጣፋጭ ያምረዋል። ክብደት ሲጨምር ስብ በአንገትና በምላስ ውስጥ ሳይቀር ይከማቻል፣ ቱቦው ይበልጥ ይጠባል። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ዊስኮንሲን ጥናት ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ 10 በመቶ የክብደት ጭማሪ የሰዓቱን ቁጥር በ32 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚያደርግ፣ 10 በመቶ መቀነስ ደግሞ በ26 በመቶ ገደማ ዝቅ እንደሚያደርግ ገምቷል። አንዱ ሌላውን እየገፋ የሚዞር ጎማ ነው። ይህ ሲባል ግን ቀጭን ሰው አይያዝም ማለት አይደለም፤ መንጋጋው ወደ ኋላ የገባ ቀጭን ሰውም ይያዛል።

ማስኩ ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም

ዋናው ሕክምና ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ በአምስት ታማሚዎች ላይ ሞክረው አሳወቁት። ከመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ የቫኪዩም መጥረጊያ ሞተር የተገጠመላቸው ነበሩ። የምንወደው ዓይነት ምሕንድስና ነው፦ ጉሮሮውን ቀዶ ከማስፋት ይልቅ በአየር ግፊት ከውስጥ ደግፎ መያዝ። የተነፋ ጎማ እንደማይጨማደድ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። ከኮቪድ ወዲህ ሰው ማስክ ያለው መሣሪያ ሁሉ የኦክስጅን ማሽን ይመስለዋል። ሲፓፕ የሚነፋው የክፍሉን አየር ነው። የተለመደው ግፊት ከ4 እስከ 20 ሴንቲሜትር ውኃ ነው። 10 ሴንቲሜትር ብንወስድ ወደ 1 ኪሎፓስካል ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ አየር ግፊት አንድ ነጥብ ሦስት በመቶ ብቻ። ስትሮ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ 10 ሴንቲሜትር አስገብተን አረፋ ለማውጣት የምንነፋው ያህል ነው። ከኮተቤ ወደ ናዝሬት አያወርድም፤ በሩን ብቻ ይከፍታል።

ታዲያ ስኳርና ክብደትን ያስተካክላል? ብዙ ሰው «ሲፓፕ ያከሳል» ብሎ ይጠብቃል። የተደረጉት ጥናቶች የሚያሳዩት ተቃራኒውን ነው፦ በአማካይ ክብደት ጥቂት ይጨምራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የኪዮቶ ተመራማሪዎች 63 ሰዎችን ከሕክምናው በፊትና በኋላ ለክተው በዕረፍት ጊዜ የሚቃጠለው ኃይል በቀን ከ1,584 ወደ 1,508 ኪሎካሎሪ እንደወረደ አገኙ። ምክንያቱ አያስቸግርም፤ ጅቡ ሄዷል፣ ሰውነትም መሮጡን ትቷል። ያ የተረፈ ኃይል ምግብ ካልተቀነሰ ይከማቻል። በዚያው ጥናት ክብደት መጨመርና አለመጨመሩን ይበልጥ የወሰነው የሰዎቹ አመጋገብ ነበር።

በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ውፍረትና አፕኒያ ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ ለሦስት ከፈለ፦ ሲፓፕ ብቻ፣ ክብደት መቀነስ ብቻ፣ ሁለቱም። ከ24 ሳምንት በኋላ የኢንሱሊን ታዛዥነትና የደም ስብ የተሻሻለው ክብደት በቀነሱት ላይ ነው፤ ሲፓፕ ብቻውን ይህን አላመጣም። የደም ግፊት ግን ሁለቱንም በትክክል በተከተሉት ላይ የበለጠ ወርዷል። በዚህ ተስፋ የምንቆርጥ ከሆነ ቸኩለናል። በብዙ ጥናቶች ሰዎች ማስኩን የሚያደርጉት የሌሊቱን እኩሌታ ያህል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ግን ወደ ስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች በክትትል በየሌሊቱ 8 ሰዓት ሙሉ ለሁለት ሳምንት ሲያደርጉት የስኳራቸው ልክ ተሻሽሏል። የሰዓቱ ብዛት ለውጥ ያመጣል። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቲርዜፓታይድ የተባለውን መርፌ ውፍረትና አፕኒያ ላለባቸው አዋቂዎች ፈቅዷል፤ የሚሠራው በዋናነት ክብደት በመቀነስ ነው። ያለ ሐኪም የሚነካ ነገር አይደለም።

ለእኛ የሚጠቅም አንድ ዝርዝር አለ። ሕልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል የሚረዝመው ወደ ንጋት ነው፤ ያኔ ጡንቻ በጣም ስለሚዝል የብዙ ሰው አፕኒያ ይከፋል። ረመዷን ላይ ሰውየው ለሱሑር ሲነሳ ማስኩን ያወልቅና ሱብሒ ሰግዶ ያለ ማስክ ይተኛል። ከሁሉ የሚያስፈልገው ሰዓት እንዲሁ ያልፋል። መልሶ ማድረግ ነው። መሣሪያው ውኃ አሙቆ አየሩን የሚያርስ ክፍል ካለውና በጾም ሰዓት ስለመጠቀሙ ጥያቄ ከተነሳ ዑለሞችን መጠየቅ ይገባል፤ ያ የእኛ መስክ አይደለም። ክፍሉን አጥፍቶ በደረቅ አየር መጠቀም ግን በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ላይ ይቻላል።

ማን ይጠርጠር?

በካናዳ ተዘጋጅቶ በብዙ አገር የሚሠራበት አጭር መጠይቅ ስምንት ነገር ይጠይቃል፦ በር ተዘግቶ እስኪሰማ ታንኮራፋለህ? ቀን ይደክምሃል? ትንፋሽህ ሲቆም ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለብህ? ውፍረት አለህ? ዕድሜህ ከ50 በላይ ነው? አንገትህ ከ40 ሴንቲሜትር ይበልጣል? ወንድ ነህ? ሦስት ወይም ከዚያ በላይ «አዎ» ካለ መመርመር ይገባል። እህቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ በተለይ ከወር አበባ ማቆሚያ ዕድሜ በኋላ እናቶቻችን ላይ ይጨምራል። እነሱ ማንኮራፋታቸውን ስለሚያፍሩበት ይደብቁታል፤ «ደክሞኛል» ብቻ ነው የሚሉት።

እውነቱን ለመናገር ይህን ስናነብ አንድ ወንድማችን ትዝ አለን። ዶርም ውስጥ ማንኮራፋቱ መቀለጃ ነበር። ለሱብሒ ቀስቅሰነው ተመልሶ ሲተኛ «ሰነፍ» ብለነዋል፤ ከመካከላችን በቅሬታ ያናገረውም አለ። ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋም ያው ነው። መድረሳ ስንቀራ ሰሌዳው ላይ ሲያንቀላፋ አርጩሜ የሚያርፍበት ልጅ ነበር፤ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ሌሊት የሚያንኮራፋ ልጅ። በልጆች ላይ ዋናው ምክንያት የቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ዕጢ ማበጥ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ይድናል። በአገራችን ግን «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ለባህል አዋቂ ይሰጣል። እንጥል መቁረጥ ደም ያፈሳል፣ ይመረቅዛል፣ ለአፕኒያውም መድኃኒት አይደለም። ያን ልጅም ይህን ወንድማችንንም አውፍ እንዲሉን እንጠይቃለን።

ጫትን ሳንጠቅስ አናልፍም። ለፈተና የሚቅም ተማሪና ለመንገድ የሚቅም ሹፌር ድካሙን ይሸፍኑታል እንጂ አያጠፉትም። ጫት እንቅልፍን ያባርራል፣ የደም ግፊትና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ አፕኒያ በአድሬናሊን የሚሠራውን በሌላ መንገድ ይደግማል።

አባታችን እንዴት ሆኑ?

ከኮቪድ ጊዜ የተረፈች የጣት ኦክስጅን መለኪያ ቤት ውስጥ ነበረች። በሁለት ሌሊት ተራ እየጠበቅን ቁጥሩን በየደቂቃው ጻፍን፤ ወደ 70ዎቹ ሲወርድ ደጋግመን አየን። ይህ ምርመራ አይባልም፤ ግን ወረቀቱን ይዘው ሲሄዱ ሐኪሙ በቁም ነገር ሰማቸው፣ ትክክለኛው የእንቅልፍ ምርመራም ታዘዘላቸው። ውጤቱ ከባድ ነበር።

መሣሪያውን ውጭ ያለ ዘመድ ያገለገለ ላከላቸው። ያገለገለ ስትቀበሉ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ፊሊፕስ በውስጡ ያለው የድምፅ መከላከያ ፎም እየተበላሸ ወደ ትንፋሽ ሊገባ ስለሚችል በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎቹን ጠርቷል፤ ስለዚህ ሞዴሉንና መለያ ቁጥሩን አጣሩ። ሁለተኛ፣ ግፊቱ የተስተካከለው ለሌላ ሰው ነው። እኛ ምናሌውን ከፍተን ልናስተካክል ተዘጋጅተን ነበር፤ ሐኪሙ «እናንተ ልጆች፣ ይህ የፕሮጀክት ሥራ አይደለም» ብሎ ከለከለን። ትክክል ነበር። ከፍታንም እዩ፦ ለምሳሌ የኤርሴንስ 10 መመሪያ የሚያረጋግጠው እስከ 2,591 ሜትር ድረስ ነው። መገናኛና ኮተቤ ከዚያ በታች ናቸው፤ ዳገቱን ይዞ ወደ እንጦጦ የተሠራ ቤት ግን ሊያልፈው ይችላል።

ሦስት ወር ሆናቸው። የጠዋት ስኳራቸው ዝቅ ብሏል፤ ነገር ግን ሐኪሙ በዚያው ሰሞን መድኃኒታቸውንም ስለለወጠ ምስጋናው ለየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ክብደታቸው ሁለት ኪሎ ጨምሯል፤ ስለዚህ ከስምሪት በኋላ ከቤታቸው እስከ የካ ተራራ ግርጌ መራመድ ጀምረዋል። መሪ ላይ ማንቀላፋቱ ቀርቷል።

የቀረው ችግር መብራት ነው። ሲጠፋ ማስኩም ይቆማል። መሣሪያቸው ማሞቂያው ከጠፋ ወደ 30 ዋት ይወስዳል፤ ለ8 ሰዓት 240 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። ባለ 12 ቮልት 50 አምፔር-ሰዓት የመኪና ዓይነት ባትሪ በስሌት 600 ይይዛል፤ ከግማሽ በታች ካላወረድነው 300 ይሰጠናል፤ ከዚያ ላይ የመቀየሪያው ብክነት ይቀነሳል። በጠባቡ ይበቃል። መሣሪያው 24 ቮልት ስለሚፈልግ ከፍ የሚያደርግ መቀየሪያ ገጥመን፣ ፊውዝ አስገብተን ባለፈው ሳምንት መብራት በጠፋበት ሌሊት ሞከርነው። እስከ ሱብሒ አዛን ሠራ፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ባትሪው አለቀ። አሁን 70 አምፔር-ሰዓት ያለው ባትሪ እየፈለግን ነው፤ ርካሽ የሚያውቅ ካለ በጀመዓው ቢሮ ያግኘን።